ምንጣፉ ሥር የቀሩት

እንግዳን በሰላም ጠርቶ ማዕድ ላይ መግደል በደል ነው። ያንን እያወቁ ታሪኩ ሲወራ መዝለልም ሌላ በደል ነው። ተጽፎ እንዲቀር የምፈልገው ሁለቱንም ነው።

ሐይቅ ዳር ባለችው ከተማችን፣ አዲስ ከተማ ሰፈር ባለው ግቢዬ፣ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ የሚማር ተከራይ አለኝ። እሱ ሙስሊም ነው፣ እኔ ጴንጤ ነኝ። ሥጋችን ስለማይገናኝ አብረን የምንበላው ከሐይቁ ዳር የአሳ ገበያ፣ ከአሞራ ገደል የማመጣውን አሳ ነው፤ አሳን ማን ባረከው ተብሎ አይጠየቅም።

አንድ ቅዳሜ እንዲሁ አሳ ቀርቦ፣ ክፍል ውስጥ የሚያቀርበውን ንግግር ለእኔና ለአንዲት የክፍሉ ልጅ አሰማን። ስለ አባሲዶች ነበር፤ ድሮ ባግዳድን ስለቆረቆሩት ሙስሊም ገዢዎች። የግሪክን መጻሕፍት በዐረብኛ እንዳስተረጎሙ፣ ከተርጓሚዎቻቸውና ከሐኪሞቻቸው ብዙዎቹ ክርስቲያኖች እንደነበሩ ሲነግረን አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እስከ አራተኛ ክፍል ስማር ይህን የነገረኝ የለም።

ልጅቷ ግን ሳቀች። «እራቱን ዘለልከው እኮ!»

«የምን እራት?» አልኩ።

እሱ አቀረቀረ፤ እሷ ነገረችኝ። አባሲዶች ሥልጣን ሲይዙ የወደቁትን ገዢዎች ዘመዶች ምሕረት አድርገንላችኋል ብለው እራት ጠሯቸው። እንግዶቹን በዱላ ቀጠቀጧቸው። ነፍሳቸው ሳይወጣ ምንጣፍ ደረቡባቸውና በላያቸው ተቀምጠው በሉ። እንዲህ ተብሎ ተጽፏል አለች።

የያዝኩትን አሳ መልሼ ሳህኑ ላይ አኖርኩት። በላያቸው? እያቃሰቱ?

«ለምን ዘለልከው?» አልኩት።

«እማማ፣ ከሺህ ዓመት በላይ ሆነው እኮ።»

«መጻሕፍቱስ የትናንት ናቸው? እነሱን አልዘለልካቸውም!»

«ይህን ካወራሁ ክፍል ውስጥ ከኋላ የሚቀመጡት ‹ድሮም እናንተ ሙስሊሞች› ይሉኛል። አንድ ክርስቲያን ንጉሥ ሰው ገደለ ሲባል እርስዎን እንዲህ የሚልዎት አለ?»

የለም። ግን እሺ አላልኩም።

«እንዲያ የሚልህን እኔ ጋ አምጣው። ሟቾቹንስ ማን ይናገርላቸው?»

አሳውን ሳይጨርስ ወጣ። ሳምንቱን ሙሉ ከደጅ ሰላም ብሎኝ ያልፍ ነበር።

ንግግሩን ባቀረበ ማግስት ራሱ አሳ ገዝቶ መጣ።

«እራቱን ተናገርኩት» አለኝ። «የፈራሁትንም አሉኝ።»

«ታዲያ ምን አልካቸው?»

«ወገኖቼን ከስድብ ላድን ብዬ ደብቄው ነበር አልኳቸው። ምንጣፉ ሥር ያሉትም ሙስሊሞች ነበሩ፣ እማማ። እነሱም ወገኖቼ ናቸው።»