ጋሽ ታከለ ፕሪንተር ሲመርጡ

ጋሽ ታከለ ሠላሳ አንድ ዓመት መሪ ጨብጠው ኖረዋል። ከአዲስ አበባ ደሴ፣ ከደሴ አዲስ አበባ፣ መጀመሪያ በአውቶቡስ፣ ኋላ በራሳቸው አይሱዙ። የጣርማ በርን ዋሻ ስንት ጊዜ እንዳለፉት የሚጠይቃቸው ሰው ካለ ባርኔጣቸውን አንስተው «ፀጉሬን ቁጠረው፣ የረገፈውንም ጨምር» ይላሉ። ጉልበታቸው ፍሬን መርገጥ እምቢ ሲል መኪናቸውን ሸጡና ሸዋ ሮቢት ቤታቸው ተቀመጡ። መቀመጡ ግን የሆነላቸው ለሁለት ሳምንት ብቻ ነበር።

ሥራ ያስያዟቸው ባጃጅ ነጂዎች ናቸው። መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ሥልጠና የገቡ፣ ነገር ግን ሲሠሩ ውለው ለማጥናት ጊዜ ያጠራቸው ሰዎች፣ መጽሐፋቸውን ይዘው ወደ ጋሽ ታከለ በረንዳ ይመጡ ጀመር። «ጋሼ፣ ይቺ ምልክት ምን ማለት ናት?» ይላል አንዱ። «ጋሼ፣ መስቀለኛ መንገድ ላይ ቅድሚያው የማን ነው?» ይላል ሌላው። ጋሽ ታከለ ሲጠየቁ ዝም ማለት የማያውቁ ሰው ናቸው። ጥቂት ሳይቆዩ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ፀሐዩ በረድ ሲል፣ በረንዳው ተማሪ ቤት ሆነ። የመንገድ ምልክቶቹን በእጃቸው በባለቀለም እርሳስ እየሳሉ፣ ከየምልክቱ ሥር ጥያቄ እየጻፉ፣ በላይ ከሚባለው ነጋዴ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ወስደው ፎቶ ኮፒ ያስነሱና ለሁሉም ያድላሉ።

ከተማሪዎቻቸው አንዷ ከዲጃ ነበረች። ባሏ ሱሌይማን ከከተማው ወጣ ብሎ ሽንኩርትና ማሾ ያመርታል። በአንድ ጥሩ ዓመት ምርታቸውን ሸጠው ባጃጅ ገዙ፤ ሱሌይማን ግን ዓይኑ ስለደከመ ፈቃድ እንደማያገኝ ሐኪም ነገረው። ሰው ሁሉ «በሉ አከራዩት» ሲል ከዲጃ «ለምን ይከራያል? እኔ አለሁ አይደል?» አለች። የሳቀ ሳቀ። እሷ ተመዘገበችና ጋሽ ታከለ በረንዳ ላይ ከፊት ተቀመጠች። የተሰጣትን ወረቀት ወጥ ስታማስልም፣ ሽንኩርት ስትለቅምም ከጎኗ አትለየውም።

ፈተናውን ወደቀች። ለማለፍ ሦስት ጥያቄ ብቻ ነበር የጎደላት።

በማግሥቱ ወረቀቷን ይዛ መጣች። አላለቀሰችም፤ ገጿን ገልብጣ በጣቷ አሳየቻቸው። «ጋሼ፣ ይችን ክብ ይዩልኝ። መሐሏ ላይ አርባ ቁጥር አለ። ከአርባ በላይ አትንዳ ማለት ነው ብዬ መለስኩ። የፈተናው ኮምፒውተር ላይ ግን ሰማያዊ ነበረች። አንቱ የሰጡኝ ወረቀት ላይ ሁሉም ግራጫ ነው። የትኛው ቀይ፣ የትኛው ሰማያዊ እንደሆነ በምን ልወቅ?»

ጋሽ ታከለ መነጽራቸውን አደረጉ። አርባ ቁጥር ያለበት ቀይ ክብ ከዚህ በላይ አትፍጠን ይላል፤ ሰማያዊው ደግሞ ከዚህ በታች አትንቀራፈፍ። ሁለቱ የተለያዩ ትእዛዞች ናቸው። ፎቶ ኮፒው ላይ ግን መንታ መስለው ወጥተዋል።

«የሳተው ዓይንሽ አይደለም፣ ከዲጃ» አሉ። «ወረቀቴ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው። ለሚቀጥለው ፈተና በቀለም ታጠኛለሽ።»

በላይ ሱቅ ውስጥ ያለው ጥቁር ብቻ የሚያነሣ ማሽን ነው። በቀለም ለማተም ደብረ ብርሃን ድረስ መውጣት ያስፈልጋል፤ በየሳምንቱ ደግሞ ያ የሚሆን አይደለም። ስለዚህ አዲስ አበባ ለምትኖረው ልጃቸው ለሊያ ደወሉ። «በቀለም የሚያትም ነገር ግዢልኝ። ርካሹን። ዛሬውኑ ላኪው» አሏት። ሊያም የታዘዘችውን አደረገች፤ በሦስተኛው ቀን ኮፒም የሚያነሣ ትንሽ ነጭ ፕሪንተር በሚኒባስ መጣ።

ለሦስት ሳምንት ሠርግ ነበር። ቀዩ ቀይ፣ ሰማያዊው ሰማያዊ ሆኖ ወጣ፣ ተማሪዎቹ ወረቀቱን ተሻሙ። ከዚያ ቀዩ አለቀ። የቀለሙ ቀፎ፣ ካርትሪጅ የሚሉት፣ የያዘው ቀለም የሻይ ማንኪያ ሁለቴ የሚሞላ አይመስልም፤ የአዲሱ ዋጋ ግን ወደ ማሽኑ ዋጋ ተጠግቷል። ጋሽ ታከለ እጅ የሚሰጡ ሰው አይደሉምና መርፌና የብልቃጥ ቀለም ገዝተው ቀፎውን ራሳቸው ሊሞሉ ተቀመጡ። ቀለሙ ከቀፎው ይልቅ በመዳፋቸው፣ በጠረጴዛው ልብስና በወለሉ ላይ ገባ።

ባለቤታቸው እትዬ እመቤት ከጓዳ ብቅ ብለው ሲያዩአቸው ክው አሉ። «ታኬ! ምን አርደህ ነው?»

«ፕሪንተር» አሉ ጋሽ ታከለ።

እንደምንም ሞልተው ጥቂት ገጽ አተሙ። ከዚያ ያ የሚያዝያ ሙቀት መጣ፤ ለአንድ ሳምንት መብራት እየሄደ እየመጣ ማሽኑ ሳይሠራ ቀረ፤ ቀለሙም አፉ ላይ ደረቀ። እንደገና ሲከፍቱት ምልክቶቹ በመስመር በመስመር የተቆራረጡ ሆነው ወጡ።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አሉ እትዬ እመቤት።

«ልክ ነሽ። ዛሬውኑ ያልኳት እኔ ነኝ።» ጋሽ ታከለ አልተናደዱም። መኪና ሲበላሽባቸው እንደሚያደርጉት መጀመሪያ ቁጭ ብለው አሰቡ። መኪና ሲገዙ ስንት ነገር ነው የሚያገላብጡት! ይህን ማሽን ግን ሳያዩት፣ ሳይጠይቁት፣ በስልክ ነው የገዙት። ደብተር አውጥተው የሚጠይቁትን ጻፉና በማግሥቱ ማለዳ ነጭ ሸሚዛቸውን ለበሱ።

«የቀለም ማሽን ልትገዛ ነጭ ሸሚዝ?» አሉ እትዬ እመቤት።

«ሻጩ ፊት ራሴ እሞላዋለሁ። ሸሚዜን ካበላሸው አልገዛውም።»

ደብረ ብርሃን ብርድ ተቀበላቸው። ሁለት ሱቅ ገብተው ወጡ፤ አንዱ ሻጭ ጥያቄ ሲበዛበት ፊቱን አዞረ፣ ሌላው ስለ ማሽኑ ከሳጥኑ ላይ ከሚያነበው በላይ አያውቅም። ሦስተኛው ሱቅ የዘላለም ነበር። ዘላለም ኮምፒውተርና ፕሪንተር እየጠገነ የሚሸጥ፣ ጠመንጃ መፍቻ ከጆሮው ላይ የማይለየው ጎልማሳ ነው።

«ይቺ ከሁሉም ርካሽ ናት፣ ጋሼ» አለ ትንሿን እየጠቆመ።

«አውቃታለሁ። እኅቷ ቤቴ ታማ ተኝታለች። እኔ ሾፌር ነበርኩ፣ ልጄ። መኪና ስገዛ ከዋጋዋ በፊት የምጠይቀው ምን ያህል ትጠጣለች ብዬ ነው። የትኛዋ ናት ትንሽ ጠጥታ ብዙ የምትሄደው?»

ዘላለም ሳቀና መፍቻውን ከጆሮው አውርዶ አስቀመጠ። ጨዋታው የገባው ሰው አገኘ። «እንግዲያው ሁለት አሉ። ይቺኛዋ በዱቄት ቀለም ነው የምትሠራው። ዱቄት አይደርቅም፣ ዓመት ብትተዋትም ስትነሣ ትሠራለች። ጽሑፍ ብቻ ቢሆን ሥራዎ እሷን ይውሰዱ እልዎት ነበር።»

«በቀለም ታትማለች?»

«ይቺ አታትምም። በቀለም የምታትመው የዱቄት ማሽን አለች፤ ዋጋዋ ግን ለእኛ ዓይነት ሰው አይደለም። መብራትም ትበላለች።»

«ተዋት። ሁለተኛዋስ?»

ዘላለም ኮፒም የምታነሣ፣ ከፊት ለፊቷ አራት ትንንሽ መስኮት ያላትን ማሽን ሳብ አደረገ። በየመስኮቱ ውስጥ ቀለም ይታያል፤ ጥቁር፣ ሰማያዊ፣ ሮዝ የሚመስል ቀይና ቢጫ። ቀፎ የላትም። ቀለሙ ሲያንስ ከጠርሙስ ይጨመርባታል እንጂ የሚጣል የሚቀየር ነገር የለም። ሳጥኑ ላይ አንድ ዙር ቀለም ብዙ ሺህ ገጽ እንደሚያትም ተጽፏል።

«ሳጥኑን ተወው፣ አንተ ንገረኝ» አሉ ጋሽ ታከለ።

«አንቱ ሥዕል ስለሚያበዙ የተጻፈውን ግማሽ ያስቡ። ግማሹም ቢሆን የዚያችን የትንሿን ሃያ እጥፍ ያስኬድዎታል።»

ይህ መልስ ደስ አላቸው። ዕቃውን ከሚያሞግስ ሻጭ ይልቅ ግማሹን አስብ የሚል ሻጭ ይታመናል። «በል እንግዲህ ሙላና አሳየኝ» ካሉ በኋላ ወዲያው ሐሳባቸውን ቀየሩ። «የለም፣ እኔ ልሙላ።»

ኮታቸውንና ሹራባቸውን ሲያወልቁ ዘላለም ነጩን ሸሚዝ አየና ተጠራጠረ። ቢሆንም ሱቁ ውስጥ የሚሠራባትን ማሽን ከፈተላቸው፤ ሰማያዊዋ ዝቅ ብላ ነበር። ጋሽ ታከለ እጅጌያቸውን አልሰበሰቡም። የሰማያዊውን ጠርሙስ ይዘው ሆን ብለው ቀዩ ጉድጓድ ላይ ሞከሩት፤ አፉ አልገባም። እያንዳንዱ ጠርሙስ የሚገባው በራሱ ቀለም ጉድጓድ ብቻ ነው። ወደ ሰማያዊው አዙረው ሲተክሉት ራሱ መውረድ ጀመረ፣ ሲሞላም ራሱ ቆመ። ጠርሙሱን አነሡ። አንድም ጠብታ አልወደቀም።

«ነዳጅ ማደያዎቻችን እንዲህ ቢሆኑ» አሉ። ዘላለም ሳቁን ለቀቀው።

«አሁን ደግሞ ክፉዋን ንገረኝ» አሉ ጋሽ ታከለ። «ክፉ የሌለው ማሽን የለም።»

«ሥራ ፈትታ መቀመጥ አትወድም። በተለይ እናንተ ቆላ። በሳምንት ሁለት ጊዜም ቢሆን ትንሽ ገጽ ያስወጧት፤ አለዚያ ይቺም ትደርቃለች። ፀሐይ አያግኛት። ቀለሙ ከታችኛው መስመር ሳይወርድ ይጨምሩላት፣ አየር ከገባባት መከራ ነው። እንደተሞላችም አታዘንብሏት።»

ጋሽ ታከለ ሁሉንም ደብተራቸው ላይ ጻፉ። ቢሆንም ብር አላወጡም። ስልካቸውን አንሥተው ሸዋ ሮቢት በላይ ዘንድ ደወሉ። መለዋወጫዋ በአገርህ የሌለ መኪና ያንተ አይደለችም የሚል የቆየ እምነት አላቸው።

«በላይ፣ የዚህን ማሽን ቀለም ትሸጣለህ?» የጠርሙሱን ቁጥር አነበቡለት።

«አሁን የለኝም፣ ጋሼ። ግን ዓርብ ዓርብ ዕቃ አመጣለሁ። ከወሰዱልኝ እጨምረዋለሁ።»

«እወስዳለሁ። ሌላም ወሳጅ አመጣልሃለሁ።»

ከዚያ በኋላ ነው የገዙት። ዋጋዋ የመጀመሪያዋን ሁለት እጥፍ ቢያልፍም አላቅማሙም፤ የሚገዙትን ያውቁ ነበር። ቀለሟ ገና ስላልተሞላ ሳጥኑን ያለ ሥጋት ጭናቸው ላይ አድርገው በሚኒባስ ተመለሱ። ጣርማ በርን አልፈው ቁልቁለቱን ሲጀምሩ ኮታቸውን አወለቁ፣ ደብረ ሲና ሲደርሱ ሹራባቸውን፤ ሸዋ ሮቢት ሲገቡ ያው ነጭ ሸሚዝ ብቻ ቀርቶ ነበር።

ማሽኗን ከመስኮት ርቃ፣ ከቤቱ ቀዝቃዛ ግድግዳ ሥር አኖሯት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሁለቱን አርባዎች ጎን ለጎን፣ እጅ እጅ በሚያክል ክብ አተሙ። ከዲጃ ወረቀቱን ስትቀበል ሁለቱን ምልክቶች በመዳፏ አንድ በአንድ ሸፍና ገለጠቻቸው። «በቀይ፣ ከዚህ አትለፊ። በሰማያዊ፣ ከዚህ አታንሺ» አለች። ቀጥላም «አሁን ገና መንገድ መሰለ» አለች።

አንድ ወር ሙሉ በቀለም አጠናች። ፈተናው ሦስት ቀን ሲቀረው የመጨረሻውን የልምምድ ወረቀት ልትወስድ መጣች፤ ቀዩ ከሌሎቹ ቀለሞች ዝቅ ብሎ ነበር። ጋሽ ታከለ ጠርሙሱን ሰጧት። «ባለ ባጃጅ ነሽ። ዘይት መጨመር አያቅትሽም።»

«ባበላሽስ?»

«እንዳታበላሺ ተደርጋ ነው የተሠራችው። ለዚያ ነው የመረጥኳት።»

ጠርሙሱን ተከለች፣ መስኮቷን እያየች ጠበቀች፣ ሞልቶ ሲቆም አነሣች። ክዳኑን ገጥማ ራሷ አተመች። ሃያ ስምንት ምልክት ያለበትን ወረቀት እዚያው ቆማ ሠራችው፤ አንድም አልሳተችም።

ፈተናውን አለፈች። የተግባሩንም በሦስተኛው ሳምንት አለፈች። ውጤቷን የሰማችው ሱሌይማን አብሯት ሳለ ነበር፤ እሱ «አልሐምዱሊላህ» ሲል እሷ ግን ወዲያው ባጃጇን የት እንደምታሳጥብ ትጠይቅ ነበር። ዛሬ ከመናኸሪያ እስከ ገበያው ትመላለሳለች። ልጅ ያዘሉና ዕቃ የያዙ ሴቶች ሌላውን ባጃጅ አሳልፈው እሷን ይጠብቃሉ። በፊት የሳቁባትም እጃቸውን ዘርግተው ያስቆሟታል፤ ታቆምላቸዋለች።

የጋሽ ታከለ ማሽን ሥራ አልፈታችም። ሥራ መፍታት እንደማትወድ ስለሚያውቁ የሕፃናት አስተማሪዋን ሶስናን ራሳቸው ሄደው «ባለቀለም ሥዕል የምትፈልጊ ከሆነ ነይ» አሏት። አሁን ሰኞ ሰኞ ከትራፊክ ምልክት ጋር ዝሆንና ቀጭኔ ይታተማል። በላይም የቀለሙን ጠርሙሶች መደርደሪያው ላይ ከፊት አድርጓቸዋል፤ ሦስት ሰው ይህችኑ ዓይነት ማሽን ገዝቷል፣ ሦስቱም ጋሽ ታከለን ጠይቀው ነው።

ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው ከአሊዩ አምባ ድረስ መጣ። መንደራቸው ውስጥ ሰባት ሆነው ለመንጃ ፈቃድ እንደሚያጠኑ፣ ወረቀት ግን እንደሌላቸው ነገራቸው። ጋሽ ታከለ በረንዳው ላይ ወንበር ሰጡት፣ ወደ ውስጥ ገብተው የቀለሞቹን ከፍታ በየመስኮቱ አዩና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጠየቁት።

«ሰባት ነው ያልከኝ? አሥር አድርጌ ላትምልህ፤ እስክትደርስ ሌላ ይጨመራል።»