ሆራ የጠጡት ዓሦቼ

ዓሦቼን ያየ ሰው ሁሉ መጀመሪያ «ይበላሉ?» ይለኛል። አይበሉም ስለው «ታዲያ ምን ይሠራሉ?» ይላል። ምንም አይሠሩም። አምቦ፣ በተከራየሁት ክፍል፣ በመስታወት ገንዳ ጨዋማ ውሃ ውስጥ ይዋኛሉ፤ በቃ። ክላውንፊሽ ይባላሉ። የእኔዎቹ ሰው ለመልካቸው መርጦ ያራባቸው ናቸው፤ ጥቁር ገላቸው ላይ ነጩ ቀለም እንደተደፋ ወተት ተዥጎርጉሯል።

አንድ የትምህርት ቤታችን መምህር «ኃጢአት ነው፤ የባሕር ፍጡር አገሩ ባሕር ነው» ብሎ ገሠጸኝ። «እናታቸውም የተወለደችው መስታወት ውስጥ ነው» አልኩት። ተናድጄ ነበር። እኔንም ባገኘኝ ቁጥር «አገርሽ መቼ ትገቢያለሽ?» ይለኛል፤ አምቦ ተመድቤ ከመጣሁ ስንት ዘመኔ።

ውሃ ሲተን ጨዉ ገንዳው ውስጥ ይቀራል፤ ስለዚህ ሲጎድል የሚጨመረው ጨው የሌለው ውሃ ነው። ጊንጪ ለቅሶ ስሄድ ለአከራዬ ጄሪካኑን አሳይቻት «ከዚህ ጨምሪላቸው» አልኳት። እሷ ግን አዘነችላቸው። ጨው ለለመደ ፍጡር እንዴት ባዶ ውሃ ይሰጣል? ለላሞቿ የምታጠጣውን ሆራ፣ ያን ከምድር የሚፈልቅ ጨው ጨው የሚል ውሃ፣ አምጥታ ሞላችበት።

ስመለስ ውሃው ደፍርሶ ነጭ ሆኗል። ሁለት ናቸው፤ ሴቷ ዓሣ በጎኗ ተኝታ አፏን ትከፍታለች፤ ወንዱ ከላይ ያለከልካል።

«ባርሲስቱ፣ ሆራ እኮ ከብት ያበረታል» አለች አከራዬ፤ መምህርት ማለቷ ነው።

ባሏ አጎንብሶ አየና «ሞተዋል፤ ድፊውና እረፊ» አለኝ።

«አልሞቱም» አልኩት።

ለክፉ ቀን ያዘጋጀሁት ጨዋማ ውሃ በባልዲ ነበረኝ። የገንዳውን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ከትቼበት ውሃው ለብ እንዳለ ዓሦቹን አዛወርኳቸው። ወዲያው መብራት ጠፋ። ሳቄ መጣ፤ የንዴት ሳቅ። ባልዲውን በጋቢዬ ጠቀለልኩት። አከራዬ ጭልፋ ይዛ መጣችና አየር እንዲገባበት ውሃውን እየቀዳን ከፍ አድርገን መልሰን እናፈስ ጀመር። የእኔ ክንድ ሲዝል እሷ፣ የእሷ ሲዝል እኔ።

«አሁን ይኼ ሥራ ነው?» አለ ባሏ።

«አዎ፣ ሥራ ነው» አልኩት፣ ቀና ሳልል።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሴቷ ቀጥ ብላ ዋኘች፤ ወንዱም ተከተላት። አለቀስኩ፤ አላፈርኩበትም።

በቅርቡ ያ መምህር ቤቴ መጥቶ፣ ገንዳው አጠገብ ቆሞ «አሁንም አገራቸው ቢሆኑ ይሻላቸው ነበር» ብሎ ሲጀምር አከራዬ አላስጨረሰችውም።

«የአምቦን ሆራ ጠጥተው በሕይወት የቀሩ ናቸው፤ አገራቸው እዚህ ነው» አለችው። «እሷንም ሁለተኛ መቼ ትሄጃለሽ እንዳይሏት።»