ለመረቡ የመጡ ሽማግሌዎች

ይህ የሆነው ታናሽ ወንድሜ ዳዊት በዘመተበት የጦርነት ወቅት፣ የገና በዓል ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። ዳዊት በሰላም ከተመለሰ ቆይቷል። እኔ ግን ያን ማለዳ ባስታወስኩ ቁጥር ዛሬም እበሳጫለሁ።

ከእናቴ ጋር የምንኖረው ቀጨኔ ነው። በሰፈራችን መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው፤ የእድር ሽማግሌዎች ጋቢ ተከናንበው መጥተው በር ያንኳኳሉ። ስለዚህ ልጁ ግንባር ያለ ቤተሰብ ሁሉ የማለዳ ኮቴ ይፈራል።

በዚያ ዕለት ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በራችን ተንኳኳ። ስከፍት የእድራችን ሊቀ መንበር ጋሼ ደምሴ ከሁለት አዛውንቶች ጋር ጋቢ ተከናንበው ቆመዋል።

«እንዴት አደራችሁ? እናትሽስ ደኅና ናት?» አሉኝ። በሩን ለቀቅኩላቸው። ገብተው በተርታ ተቀመጡ፣ ጤናችንን ደግመው ጠየቁ፣ ስለ እንጦጦ ብርድም ጥቂት ተናገሩ። እናቴ ከመኝታ ክፍሏ ወጥታ ስታያቸው ግድግዳውን እንደተደገፈች ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«ንገሩኝ» አለች። «የት ወደቀብኝ ልጄ?»

ጋሼ ደምሴ ደንግጠው ተነሡ። «ኧረ አስካለ፣ ልጅሽ ደኅና ነው። እኛ የመጣነው ለመረቡ ነው።»

«ለምኑ?» አልኩ።

«ለመረብ ኳሱ መረብ ነዋ። ዳዊት ትናንት ደውሎልኝ ነበር። ለገና ከሌላ ሻምበል ጋር ግጥሚያ አላቸው። እስካሁን ገመድ ወጥረው ነው የሚጫወቱት፤ ኳሱ በላይ አለፈ በታች አለፈ እያሉ ሲጨቃጨቁ ይውላሉ አለኝ። መረቡ እናንተ ዕቃ ቤት ነው ያለው፤ ከእድሩ ለግንባር የምንልከውን ስንቅ የጫነው መኪና ደግሞ አንድ ሰዓት ላይ ይነሣል።»

እኔ በዚያች ሰዓት የእናቴን የደም ግፊት መድኃኒት እየፈለግኩ ነበር። «ታዲያ ለምን አልደወሉልንም?» አልኳቸው፣ በተቻለኝ መጠን በትሕትና።

«በዚህ ማለዳ ስልክ ደውለን እናስደንግጣችሁ?» አሉኝ።

መረቡን አውጥቼ ሰጠኋቸው። እናቴ ግን «ቆዩ፣ ተቀዷል፤ እንዲህማ አይሄድም» ብላ ከተቀመጠችበት ሳትነሣ ተቀበለቻቸው። መኪናው እየጠበቀ ሦስቱ አዛውንቶች መረቡን ወጥረው ያዙላት፤ እሷ ቀዳዳውን ሰፋች። እኔም የምቆጣው ሰው አጥቼ መርፌው ላይ ክር አስገባሁላት።

ከበዓሉ በኋላ ዳዊት ደውሎ ሦስት ለዜሮ መሸነፋቸውን ነገረን። ስለዚያ ማለዳ በስልክ አላነሣሁበትም። ሲመለስ ግን አስቀምጬ ሁሉንም በቅደም ተከተል ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ካዳመጠኝ በኋላ፣ «መረቡ ግን በደንብ ተሰፍቶ ነበር» አለኝ።

ጋሼ ደምሴ ከዚያ ወዲህ ወደ እኛ ሲመጡ ገና ከመንገዱ ጀምረው «በሰላም ነው፣ በሰላም ነው» እያሉ ይጣራሉ። ጎረቤቱ ይስቃል። እኔ አልስቅም፤ ያን ቃል ሳልሰማ ግን ዛሬም በማለዳ በር አልከፍትም።