ጭነቱ ቆሟል

የታሰርኩባት ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን ሳትሆን አትቀርም፤ ግድግዳዋን ስደገፍ ነጠላዬ የጤፍ ብናኝ ይዞ ተመለሰ። የያዙኝ ከምሠራበት ከውጭ አገር መጥቼ፣ አዘዞ ከአውሮፕላን ወርጄ እናቴ ቤት ሳልደርስ ነበር። ስልኬ ውስጥ፣ ጎንደር ለምታስተምር ጓደኛዬ የጻፍኩት መልእክት ተገኘ፦ «ጭነቱ መሐል ላይ ቆሟል፤ መንገዱ ግን አልተቆረጠም።» ከሥሩም በጨለማ መስመር ላይ አረንጓዴ ነጥቦች የሚተላለፉበት ቪዲዮ አለ።

«የመኪና መብራት ነው። የጫኑት መሣሪያ ነው» አለ መርማሪው።

«በሕይወት ያለ ዓሣ ነርቭ ነው፣ ጌታዬ። ነጥቦቹ ለሕዋሱ ኃይል የሚሰጡ ቅንጣቶች ናቸው። በምርምር ሥራችን ጭነት እንላቸዋለን።»

«ምነው፣ በዓሣ ታሾፊብኛለሽ? የመሣሪያው ተቀባይ ጓደኛዬ ናት በይ፤ ነገ እናትሽ ጋ ታድሪያለሽ።»

ክፍሉ ውስጥ ከታሰሩት ሴቶች መካከል፣ ልጇ ስለተሰወረ በእሱ ፈንታ ከትክል ድንጋይ ከተማ ያመጧት አንዲት እናት ነበረች።

«ምን ጭነሽ ነው፣ ልጄ?»

«ዓሣ ውስጥ የሚሄድ ነገር አይቼ ነው፣ እማማ።»

«ሆዱን ቀደሽ?»

«ሳልቀድ። ገና የተፈለፈለ ዓሣ ሰውነቱ እንደ ብርጭቆ ውስጡን ያሳያል። አደንዝዘን እናስተኛዋለን፤ ልቡ እየመታ በማይክሮስኮፕ እናየዋለን።»

«እኛ በጾም ይበላል አይበላም ስንጣላ፣ እናንተ ጓዳው ገባችሁ!»

ሴቶቹ ሳቁ። ከነጠላዬ ጫፍ ክር መዝዤ አንዱን ጫፍ ወገቧ ላይ፣ ሌላውን የእግሯ አውራ ጣት ላይ አስያዝኳት።

«በእኛም ውስጥ እንዲህ ያለ፣ በዓይን የማይታይ ክር አለ። ስንቁ የሚሰናዳው እዚህ ወገብ ላይ ነው። እስከ ጣት ይወርዳል፤ ያረጀውም ሊታደስ ይመለሳል።»

እግሯን ትኩር ብላ አየች።

«ስተኛም ይሄዳል?»

«ይሄዳል።»

«እዚህም? ቆልፈውብን?»

«እዚህም።»

አማተበች። «ዕፁብ ድንቅ! ዘበኛው እንዳይሰማ» አለች በሹክሹክታ። አሁን ማንም አልሳቀም። ሁላችንም እግራችንን ስናይ ቆየን።

በማግሥቱ መርማሪው ቪዲዮውን ከፍቶ ጠበቀኝ። አንዷ ነጥብ ሄደች፣ ሄደችና ቆመች። ጎንበስ አለ።

«ይቺ ምነው ቆመች?» ድምፁ የመርማሪ አልነበረም።

«አላውቅም። እኔም የምፈልገው እሱን ነው።»

ስልኩን አብረን አየን። ነጥቧ ተነቃነቀች።

«ሄደች!» አለ። ወዲያው ስልኩን ገለበጠው። «የጓደኛሽን ነገር ተናገሪ።»

እናቴ ምሳ ይዛ በር ላይ እንደቆመች ነግረውኛል። ነጠላዬን አስተካከልኩ።

«የዓሣውን እንኳ የማላውቀውን አላውቅም ብዬዎታለሁ። በሰው ላይ የማላውቀውን እንዴት እናገራለሁ? በሐሰት አትመስክር ይላል።»

ወደ ክፍሌ መለሰኝ።

በኋላ ያለ ክስ ለቀቁኝ፤ ጓደኛዬንም የነካት የለም። የዚያችን እናት መጨረሻ ግን አልሰማሁም። ዛሬ በሰው አገር፣ ምስሉን አንሥቼ ስጨርስ፣ ዓሣዋን ወደ ንጹሕ ውሃ እመልሳታለሁ። ባልደረቦቼ ኮታቸውን ለብሰው በር ላይ ይጠሩኛል። እኔ ጅራቷን አወዛውዛ እስክትሄድ ድረስ አልነሣም።