«ለምዶታል»

መጀመሪያ የነገረኝ ፍሬኑ ነው። ለንደን ውስጥ የባስ ሾፌር ነኝ፤ ከስቶክዌል ወጥቼ ባተርሲ እስክደርስ ፍሬን በረገጥኩ ቁጥር ቀኝ ተረከዜን ያቃጥለኝ ጀመር። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ጓሮዬ ውስጥ ሚስማር የስኒከሬን ሶል በስቶ ወግቶኝ ነበር። ቁስሉ ሲደርቅ ረሳሁት። ምን ያደርጋል፣ እሱ አልረሳኝም!

ሆስፒታል ስገባ እግሬ አብጦ ጫማ እምቢ ብሎኛል፤ ትኩሳቱ ያንቀጠቅጠኛል። ስካኑ ኢንፌክሽኑ አጥንት ውስጥ መግባቱን አሳየ፤ ኦስቲዮማይላይትስ ይሉታል። ከአጥንቱ በተወሰደው ናሙና ሱዶሞናስ የሚባል ባክቴሪያ ተገኘ። በደም ሥር አንቲባዮቲክ ጀመሩልኝ።

አንድ ጠዋት ሐኪሟ መጥታ ስትሄድ በትኩሳት ደንዝዤ አልሰማኋትም። ስነቃ ልጄ ሳራ አጠገቤ ተቀምጣለች። እዚሁ ለንደን ነው የተወለደችው፤ አማርኛዋ ይንተባተባል።

«ምን አለች?» አልኳት።

«ማሚ፣ መድኃኒቱን... ለምዶታል።»

«እሰይ!» አልኩ። እግሬ መድኃኒቱን ለመደ ማለት ነዋ! የልጄን ፊት እንኳን ሳላይ ዌምብሊ ላለችው ጓደኛዬ ለአልማዝ ደወልኩ። እሷ በስልክ እልልታውን አቀለጠችው፤ እኔም ከአልጋዬ ተቀበልኳት።

ሐኪሟ ጩኸቱን ሰምታ ተመለሰች። የምሥራቹን ነገርኳት። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«መድኃኒቱን የለመደው ባክቴሪያው ነው» አለችኝ። «ከእንግዲህ መድኃኒቱ አይገድለውም። ሌላ ካላገኘን እግርዎን ልንቆርጥ እንችላለን።»

ቀኝ እግሬን። የምነዳበትን። ሳራ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። ፈራሁ። በጣም ፈራሁ።

«ሁለት አሮጌ መድኃኒቶች አሉ» አለች ሐኪሟ። «ለየብቻቸው ባክቴሪያው ያሸንፋቸዋል። አንዱ የባክቴሪያውን ግድግዳ ቢያላላለት ግን ሌላው ሊገባ ይችላል። ላቦራቶሪው አንድ ላይ እየሞከራቸው ነው።»

ውጤቱን ይዛ ስትመጣ ልትሮጥ ምንም አልቀራት! ስልኳ ላይ ላቦራቶሪው ባክቴሪያውን ያሳደገበትን ሳህን ፎቶ አሳየችኝ። ባክቴሪያው ሳህኑን እንደ ሻጋታ ወርሶታል፤ በሁለቱ መድኃኒቶች መካከል ግን ጥርት ያለ ባዶ ቦታ። ወይ ጉድ! በባዶ ቦታ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። «ሳህን ሰው አይደለም፤ ቢሆንም እንሞክር» አለችኝ።

ሁለቱን አንድ ላይ ሰጡኝ፤ የሞተውንም አጥንት በኦፕሬሽን ጠረጉት። መድኃኒቶቹ ኩላሊቴንና ጆሮዬን እንዳይጎዱብኝ በየጊዜው ደሜንና መስማቴን ቼክ እያደረጉ፣ ትኩሳቱ ቀስ በቀስ ለቀቀኝ፤ እብጠቱም ጎድሎ የተረከዜ ቆዳ ሲሸበሸብ፣ ያንን ሽብሽብ ለመጣው ጠያቂ ሁሉ ብርድ ልብሱን እየገለጥኩ ሳሳይ ሳራ በኀፍረት ሞተች።

ሐኪሟንና ስማቸውን እንኳን የማላውቃቸውን የላቦራቶሪ ሰዎች እግዜር ይስጥልኝ። እናንተም እንዲህ ያለ ሕመም ያለባችሁ፣ እሷን ያዳናት እኔንም ያድነኛል ብላችሁ የሰው መድኃኒት አትዋጡ፤ የእናንተን ተህዋስ መርምረው የእናንተን ይስጧችሁ። የተሰጣችሁንም እንደታዘዘው ጨርሱ። «ለምዶታል» ሲሏችሁ ደግሞ፣ እልል ከማለታችሁ በፊት «ማን? ማንን?» በሉ።

ሐኪሞቹ ፈቅደውልኝ ወደ ሥራ የተመለስኩ ቀን ሳራ ስቶክዌል ፌርማታ ላይ ጠብቃኝ ገባች። ዓይኗ እግሬ ላይ ነው።

«ለምዶታል» አልኳት።

«ማን? ማንን?» አለች፣ ሳቋን እየያዘች።

«እግሬ! ፍሬኑን!»