ወርቅ እጅ፣ ያበደ እግር

ባለፈው ሳምንት ጎንደር ፒያሳ ላይ አንድ ወጣት መሰላል ላይ ወጥቶ የሱቅ ማስታወቂያ በቀይ ቀለም ሲጽፍ፣ የቀለሙና የነጭ ጋዙ ሽታ አፍንጫዬን መታኝና መንገድ መሃል ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ከኋላዬ ባጃጅ ጡሩምባውን ቢያንባርቅብኝም ልብ አላልኩትም፤ እኔ እንደሁ የቀበሌያችን አዳራሽ ወለል ላይ ተንበርክኬ፣ በአቡጀዲ ላይ ቀይ ኮከብ እየሳልኩ ነበር።

ዘመኑ ደርግ ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ጎንደር ውስጥ ስብሰባ በበዛ ቁጥር መፈክር ይበዛል፣ መፈክር ሲበዛ ደግሞ እኔ እፈለጋለሁ። ከሰል ባገኝ በግድግዳ፣ ስንጥር ባገኝ በአፈር ላይ፣ ያየሁትን ሁሉ ቁጭ የማድረግ ተሰጥኦ ነበረኝ። ሆስፒታል ድሬሰር የነበረው አባቴ ቤታችን ለመጣ እንግዳ ሁሉ “የልጄ እጅ ወርቅ ነው” ይላል። ይህን ወሬ የሰማው የቀበሌው ኪነት ቡድን አሰልጣኝ ጋሽ ሙሉ አንድ ቀን መጥቶ ወሰደኝ፤ ከዚያ ወዲያ ማጭድና መዶሻ፣ የተጨበጠ ቡጢ፣ እንደገና ማጭድና መዶሻ ሆነ ሥራዬ። አላፊ አግዳሚው ቆሞ “ወይ ጉድ፣ ይቺ ፍሬ!” እያለ ሲያደንቅ፣ ምስጋናው ለሌላ ሰው እንደተሰጠ ሰላምታ በአጠገቤ ያልፋል። እጄ ሥራውን ያውቀዋል፤ ልቤ ግን አዳራሹ ወዲያኛው ጥግ፣ ከበሮው ጋ ነበር።

እዚያ የጎረቤታችን ልጅ ጥሩወርቅ እስክስታውን ትመራለች፤ ትከሻዋ ሲርገፈገፍ አጥንት የተፈጠረባት አትመስልም። ከበሮው ድም ባለ ቁጥር ብሩሼ አብሮ ይዘልና፣ ባለ አምስት ጫፉ ኮከብ ስድስተኛ ጫፍ ያወጣብኛል። አንድ ቅዳሜ ድፍረቱን አግኝቼ እኔም ልጨፍር አልኩ። ጋሽ ሙሉ ፈቀደልኝ፤ ሁሉም ወደ ቀኝ ሲል እኔ ወደ ግራ፣ ትከሻዬን ላንቀጥቅጥ ስል አንገቴ ብቻ ይወዛወዛል። ልጆቹ በሳቅ ወለሉ ላይ ተንከባለሉ። ጋሽ ሙሉ እንባውን ጠረገና፣ በዚያ አዳራሽ የማይጠራ ስም ሊጠራ ስለሆነ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ልጄ፣ እግዚአብሔር እጅሽን ሲሠራ ብዙ ቆየና እግርሽ ጋ ሲደርስ መሸበት። ሂጂ ኮከብሽን ጨርሺ” አለኝ።

ብዙም ሳይቆይ የቀበሌዎች ውድድር ከአዘዞ አለፍ ብላ ባለችው በፀዳ ከተማ ተዘጋጀና፣ የሳልኩትን የመድረክ መጋረጃ ይዤ አብሬያቸው ሄድኩ። በጭነት ማኪና ላይ ቆመን፣ ነፋሱ ነጠላችንን እየነጠቀን፣ አዘዞን በዘፈን አናወጥናት። ስንደርስ ግን ከጨፋሪዎቹ አንዷን ማኪናው አዙሯት ስታስመልስ መቆም አቃታት።

“እሷ ትግባ፣ ጭፈራውን በቃሏ ታውቀዋለች” አለች ጥሩወርቅ ወደ እኔ እየጠቆመች።

“እሷ ታውቀዋለች፤ እግሯ ግን አያውቀውም!” አለ ጋሽ ሙሉ።

“ምነው ጋሽ ሙሉ፣ ከባዶ ቦታ አትሻልም?”

የታመመችውን ልጅ መቀነት ወገቤ ላይ ጠምጥመው መድረክ ላይ አወጡኝ። ከበሮው ሲጀምር ግን ምን እንደወረደብኝ እንጃ! ዘለልኩ፣ ዞርኩ፣ ከጥሩወርቅ ጋር ተላትሜ ሻሿን አስጣልኳት፣ መቀነቴ ተፈትቶ እንደ ጅራት ተከተለኝ። ሕዝቡ በሳቅ አለቀ፤ ከፊት የተቀመጡ አንድ ባላገር ሽማግሌ ብድግ ብለው “አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ሸጋ ነው፣ በርቺ!” ሲሉኝ ጭራሽ እብድ ሆንኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ደረቴ ውስጥ ሌላ ከበሮ ነበር።

የመጨረሻ ወጣን። ዳኛው ውጤቱን ሲናገር “የመጋረጃው ሥዕል ግን ግሩም ነው” ብሎ ሁሉም ዞሮ ሲያየኝ፣ እኔ ገና እያለከለክሁ ነበር።

“ተሸነፍን እኮ! ምን ያስቅሻል?” አለኝ ጋሽ ሙሉ ስንመለስ።

“ደግሞ መቼ ነው የምንጨፍረው?”

ሊቆጣ ፈለገና ሳቁ ቀደመው። ከዚያ ወዲያ መፈክሬን ከጨረስኩ ልምምድ ላይ ከኋላ ሆኜ እንድጨፍር ፈቀደልኝ፤ መድረክ ግን ዳግመኛ አላስወጣኝም።

መንግሥት ሲለወጥ ቡድኑ ተበተነ፣ ጥሩወርቅም አግብታ ከጎንደር ወጣች። እኔን ያኖረኝ ያው እጄ ነው፤ ጡረታ እስክወጣ የሕንፃ ፕላን ነዳፊ ሆንኩ፣ ሰዉም ሁሉ “የታደለች” አለኝ። አላማርርም። ዛሬም ሰርግ ቤት ከበሮ ሲመታ ሴቶቹ እጄን ይዘው ይጎትቱኛል፣ እኔም እነሳለሁ፤ አሁን ግን ቀሚሴን ሳልሰበስብ፣ ማን እያየኝ እንደሆነ ዙሪያዬን ሳልቃኝ ትከሻዬን አላነቃንቅም። ያቺ ፀዳ ላይ የዘለለችው ልጅ፣ አገር ሁሉ እያያት፣ አንዴም ዞር ብላ አላየችም ነበር።