ከሚስቴ ወንድም ኮምፒዩተር ጋር ያደረግሁት እሽቅድምድም

እኔና የሚስቴ ወንድም አንድ ዓይነት አሮጌ ኮምፒዩተር ሚግዳል ሰፈር ካለ ሱቅ በአንድ ቀን ገዛን። እኔ ያኔ አሽቀሎን ከተማ ሰባት ዓመት የቆየሁ ቫቲክ፣ ነባር ስደተኛ ነኝ፤ እስከ ሱዳን በእግሬ ተጉዤ የመጣሁ። እሱ ገና ትናንት በአውሮፕላን መጥቶ፣ የትኛው አውቶቡስ የት እንደሚሄድ ያስተማርኩት እኔ። እንግዲህ የእሱ ኮምፒዩተር የእኔን ሲቀድመው አስቡት!

ክብ የሚስል ፕሮግራም ነበረን። መጀመሪያ እኩል ይጨርሱ ነበር። እሱ ፋብሪካ ገብቶ ብየዳ ከተማረ ወዲህ ግን የእሱ ክቡን ሲገጥም የእኔ ገና ግማሽ ጨረቃ ላይ ነው።

"ምን አደረግህበት?" አልኩት።

"ክሪስታሏን ቀየርኳት ጋሼ።" ባቄላ የምታክል ብረት አሳየኝ፤ የማሽኑን ምት የምትመታው እሷ ናት። "አስራ ሁለት ሜጋኸርዝ ነበረች፣ አስራ ስድስት አደረግኳት። ከዚያ በላይ ይግላል።"

የማሽኑ አንጎል የሆነው ቺፕ ላይ የአሉሚኒየም ቁራጭ ለጥፎበታል። ለጌጥ መስሎኝ በሆዴ ሳቅሁ።

አማቴ ከጎናችን ቆመው "የልጄ እጅ እኮ ወርቅ ነው" አሉ። ከዚያ የእኔን እጅ አዩት፤ ምንም አላሉም።

ያ ዝምታ እንቅልፍ ነሳኝ። በሳምንቱ የሃያ ክሪስታል ፈልጌ አገኘሁ። ጣቴን ሁለቴ፣ የሚስቴን ጠረጴዛ አንዴ አቃጥዬ በየድኳት። ክቡ ብልጭ ብሎ ገጠመ! ብቻዬን ጨፈርኩ።

ግን ማን ያይልኛል? እንግዳ የሚመጣው በሰንበት ነው፤ በሰንበት ደግሞ ቤታችን እሳት አይነካም፣ መብራትም እሳት ነው። ስለዚህ ዓርብ ፀሐይ ሳትገባ ከፈትኩትና ክቡን እያጠፋ ደጋግሞ እንዲስል አዝዤ ተውኩት።

በማግስቱ ከጸሎት መልስ ቤቱ ሞላ። አማቴ "ውይ፣ ይሄስ ይጋልባል!" አሉ። የሚስቴ ወንድም አንገቱን አስግጎ አየ። ያንን አስተያየቱን እንደ ጠላ እየተጎነጨሁ ተቀመጥኩ።

ከዚያ አንድ ነገር ሸተተ። ክቡ ግማሽ ጨረቃ ላይ ቆመ። ዘልዬ ወደ ማጥፊያው እጄን ስዘረጋ፣ አማቴ ጮኹ።

"ሰንበት ነው! እሳት ልትነካ?"

"እማማ፣ እየተቃጠለ እኮ ነው!"

"ሰው ነው እንዴ የሚቃጠለው? ተቀመጥ!"

ተቀመጥኩ። ኮከብ እስኪወጣ ድረስ፣ እንግዳ ሁሉ ከብቦት፣ የገዛ ኮምፒዩተሬን ለቅሶ ደረስኩ።

ሰንበት እንደወጣ የሚስቴ ወንድም አጥፍቶ ሽፋኑን ፈታው። "ስንት አስገባህበት ጋሼ?"

"ሃያ።"

አፏጨ። "እኔ እንኳ አልደፈርኩም።" አሉሚኒየሙ ሙቀት መጎተቻ መሆኑን ያኔ ነገረኝ። አልሳቀብኝም። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር። ወጥቶ ሄደና የራሱን ኮምፒዩተር ተሸክሞ ተመለሰ፤ "ያንተ እስኪጠገን በዚህ ተጠቀም" ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

አማቴ እንባቸው መጣ። "ወርቅ ልጅ!"

በደግነትም ቀደመኝ። አመሰግናለሁ አልኩት፣ ጥርሴን ነክሼ።